የኅዳር ሚካኤል ፋይል

አረጋሽ ፋይሎቿን የምታስቀምጠው በታቦት ስም ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ኋላ እሷም ስቃለች፣ ያ ሳቅ ከተባለ። ሌላው ሰው ኮምፒዩተር ላይ የጻፈውን ኮድ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «አሁን እንኳ የእውነት የመጨረሻ» እያለ ሲያስቀምጥ፣ እሷ ቀኑን ታስባለች። ገብርኤል ከሆነ ገብርኤል፣ ኪዳነ ምሕረት ከሆነች ኪዳነ ምሕረት ትለዋለች። የፈረንጅ ቀን ሃያ ዓመት ኖራበትም አይያዝላትም። «ኖቬምበር ሃያ አንድ ምን ሠራሽ?» ብትሏት ዝም ብላ ታያችኋለች። «ለኅዳር ሚካኤልስ?» ብትሏት ግን ምን እንደሠራች፣ ምን እንደበላች፣ የትኛው ጫማ ተረከዟን እንደላጠው ሳይቀር ትነግራችኋለች።

አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ዴንቨር ዳር ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ሀቫና መንገድ አጠገብ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ከልጇ ከሔቨን ጋር ትኖራለች። ባሏ እንዳልክ የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ በወር ስምንት ቀን ቤት ቢገኝ ነው። አዲስ አበባ እያለች የተማረችው ስታቲስቲክስ ነበር። እዚህ ስትመጣ ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ ቀረና እሷ ሎውሪ ካለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዛውንት ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ከአልጋ ስታወርድና ስታወጣ ኖረች። ወገቧ የሄደው እዚያ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ አንድ ትንሽ የምርምር ቢሮ ወሰዳት። ቢሮው የሚያጠናው በመጦሪያ ያሉ ሰዎች ለምን እንደሚወድቁና መውደቁ በምን እንደሚቀንስ ነው። ኃላፊዋ ዶክተር ማርጋሬት አረጋሽን የመረጠቻት ቁጥር ስለምታውቅ ብቻ አልነበረም። ሰው ሲወድቅ የሚሞላውን ፎርም በገዛ እጇ ስትሞላ የኖረች ሌላ የቁጥር ባለሙያ ከየት ታመጣለች? ችግሩ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ አረጋሽ ሎውሪን አልተወችም፤ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ናት። ሳምንቱን ሰባቱንም ቀን ትሠራለች ማለት ነው። እሁድ ቅዳሴ ከቆመች አራት ዓመት አልፏታል። ሰው ሲጠይቃት «በስልክ እከታተላለሁ» ትላለች፤ እውነትም ስልኩ ኪሷ ውስጥ ይቀድሳል፣ እሷ አንሶላ ትቀይራለች።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ ተስፋ ብቅ አለ። ቢሮው አሥራ ሁለት መጦሪያዎችን ሲያጠና ቆይቶ ነበር። በስድስቱ ውስጥ የሌሊት ሠራተኞች በየሰዓቱ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ሰዎቹን እንዲያዩ ተደረገ፤ በቀሩት ስድስት እንደ ድሮው ቀጠለ። አረጋሽ ቁጥሩን ስታሰላ በሚዞርባቸው ቤቶች መውደቅ በሠላሳ አንድ በመቶ ቀንሶ አገኘችው። ይህ የሆነው ለኅዳር ሚካኤል ነው። ኮዱን «ሚካኤል» ብላ አስቀመጠችና ቁጥሩን ለማርጋሬት ላከች። ማርጋሬት ከወንበሯ ተነሳች። ወዲያው ለአንድ ጆርናል የሚላክ ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመረች፤ የአረጋሽን ስም ከራሷ ስም ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጋ ጻፈችው።

«ይሄ ጽሑፍ ሲወጣ የሙሉ ቀን ሠራተኛ አደርግሻለሁ» አለቻት። «ቃሌ ነው።»

የሙሉ ቀን ማለት ሎውሪ ቀረ ማለት ነው። ቅዳሜ መተኛት፣ እሁድ ከሰው ጋር ቆሞ ማስቀደስ ማለት ነው። አረጋሽ ለማንም አልተናገረችም፣ ለእንዳልክ እንኳ። በሆዷ ይዛው ከረመች።

አሁን ወደ ጋሽ ኢሳይያስ ልምጣ። የቢሮውን ኮምፒዩተር የሚይዙት እሳቸው ናቸው። በሱዳን በኩል ወጥተው ዴንቨር ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ሆቴል ጠርገዋል፣ ታክሲ ነድተዋል፣ በመጨረሻ ኮምፒዩተር ተምረው አረፉ። አረፉ ስል ለአባባል ነው፤ ጡረታቸው ደርሶ እምቢ ያሉ ሰው ናቸው፣ ዛሬም ከቶርንተን እየነዱ ይመጣሉ። እኚህ ሰው አረጋሽን ሦስት ጊዜ ለምነዋታል።

«እህቴ፣ ኮድሽን ጊት የሚባለው ማስቀመጫ ውስጥ አስገቢ። አንዴ ያስቀመጥሽው አይጠፋም። በላዩ ብትጽፊበት እንኳ የድሮው ከሥሩ አለ። ኮፒው ደግሞ ሰርቨር ላይ ይቀመጥልሻል።»

«እሺ ጋሽ ኢሳይያስ፣ የፊታችን ሰኞ።»

ሰኞ ይመጣል፣ ሰኞ ይሄዳል። ክፋት አይደለም። አዲስ ነገር ለመማር እኮ የተረፈ ጉልበት ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ለጥርስ መፋቂያ የሚሆን ጉልበት እንኳ ከሰው መበደር ነበር የቀራት። ደግሞም ፍላሽ አላት። አዲስ አበባ ስትሠራ መብራት እልም ሲል ያዳናት ፍላሽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሱ ሌላ አታምንም። የወደቁት ሰዎች ፎርም ቢሮው ሰርቨር ላይ ተቆልፎ ተቀምጧል። ኮዱ ግን ሁሌም ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር በተንጠለጠለችው ፍላሽ ላይ ነው። እዚህም ስትቆም እዚያም ስትቆም ላፕቶፕ ላይ ሰክታ ትሠራለች።

እንግዲህ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን ከጆርናሉ ደብዳቤ መጣ። ጽሑፉን የገመገሙት ሰዎች ወደውታል። ከመታተሙ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁ፤ ሠላሳ አንድን ያወጣው ኮድ ይላክልን፣ እኛም አስኬደን እንየው አሉ። የተሰጠው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ማርጋሬት ደብዳቤውን ለአረጋሽ አስተላልፋ ከሥሩ «ቀላል ነው አይደል?» ብላ ጻፈች።

ቀላል ነው። አረጋሽ ፍላሿን ሰክታ «ሚካኤል»ን ከፈተችው። አስኬደችው። የመጣው ሠላሳ አንድ ሳይሆን በየወሩ ስንት ሰው እንደወደቀ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ፋይሉን ዘጋችና መልሳ ከፈተችው፣ እንደገና ቢከፈት ሌላ ይሆን ይመስል። ያው ሥዕል ነው።

ጋሽ ኢሳይያስ ጋ ሄዳ በር ላይ ቆመች።

«ጋሽ ኢሳይያስ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ጠፋ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ፊትሽ ይናገራል። ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ፍላሿን ሰክተው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና ዝርዝሩን ማንበብ ጀመሩ። «ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ… አረጋሽዬ፣ ይሄ ፍላሽ ነው ወይስ ግጻዌ?»

«ቀኑን እንዳልረሳው ብዬ እኮ ነው።»

«ጥሩ። መቼ የተሠራውን ነው የምትፈልጊው?»

«የኅዳር ሚካኤልን።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ይሄ ግን የሰኔ ሚካኤል ነው። ሚካኤል በየወሩ አይደል እንዴ የሚውለው?»

አረጋሽ ትዝ አላት። ሰኔ አሥራ ሁለት ቢሮው ዝግ ነበር፣ እሷ ግን ወጥ ጥዳ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ ውላለች። ስትጨርስ «ሚካኤል» ብላ ጻፈች። ኮምፒዩተሩ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ በሱ ፋንታ ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለች። ወጡ ሊያርባት ነበር፣ ያኔ ሰይጣን ቢጠይቃትም አዎ ትል ነበር። ዓመት ሙሉ እንደዚህ የአንዱ ወር ፋይል የሌላውን እየዋጠ ኖሯል፤ ከሁሉም የተረፈው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ጋሽ ኢሳይያስ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ለቀውበት ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ምንም አልተገኘም። አልተቆጧትም፣ ነግሬሽ ነበርም አላሉም። እሷን የከፋት እሱ ነው፤ ቢቆጧት ደስ ባላት ነበር።

«እንደገና ጻፊው» አሉ። «ፎርሞቹ አሉ፣ ጭንቅላትሽ አለ። ከመጀመርሽ በፊት ግን ዛሬውኑ ጊት ውስጥ እናስገባሽ።»

አሳዩዋት። አንድ ነገር በቀየረች ቁጥር ኮሚት ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ የነበረው ሁሉ እንዳለ ይያዛል፣ የፊቱን አይነካውም። እስክትልከው ድረስ ያለው እሷ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ስትልከው ሰርቨሩ ላይ ይወጣል፣ ቢሮው ሁሉ ያየዋል። በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ መልእክት መጻፍ አለባት።

«ምን ብዬ?»

«ምን እንዳደረግሽና ለምን እንዳደረግሽ።»

«ሳልጽፍ ባልፈውስ?»

«እምቢ ይልሻል። ባዶ አይቀበልም።»

«እሱ ምን አገባው» አለች አረጋሽ። ሆድ ብሷታል፣ ጾሟን ናት፣ ሰዓቱም ዘጠኝ ሆኗል።

መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው ሙከራ አሥራ ሁለት በመቶ ሰጣት። ተሳስቼ ነው ብላ እንደገና ሞከረች። አሥራ ሁለት። ቤቶቹን ለየች፣ ወራቱን ለየች፣ የታማሚዎቹን ዕድሜ ከፋፈለች፤ ከአሥራ አንድ በታች አይወርድ፣ ከአሥራ ሦስት በላይ አይወጣ። በየሙከራው የምትጽፈው መልእክት በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ወደ አማርኛ ልመልሰው። «ቤቶቹን ለየሁ። 12። አልሆነም።» «አሁንም 12።» «ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ 12።» ስምንተኛው ላይ «ደክሞኛል» የሚል ብቻ ነበር። ጊት ተቀበለው፤ ባዶ አይደለምና።

ቤት ውስጥም ከአሥራ ሁለት ጋር ነበር የምትኖረው። ሔቨን ስለ ትምህርት ቤት ታወራላታለች፣ እሷ ሽሮው ውስጥ ማንኪያ ነክራ ትቀራለች። «ማሚ፣ ዩ ኒድ ስሊፕ» ትላለች ልጅቷ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ እተኛለሁ» ትላለች እናት። ሁለቱም ቅዳሜ የት እንደምትሆን ያውቃሉ።

ቀኑ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሔቨንን ለቮሊቦል ልምምድ ፓርክ ሂል አደረሰቻትና ጂሙ በር ላይ ፓርክ አድርጋ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች። ፀሐዩ መስተዋቱን ያቃጥለዋል። የምትሞክረው ሁሉ አልቆባት ነበር። ያኔ ኅዳር ላይ ትኩሳት ይዟት እንደነበር አስታወሰች። ትኩሳት የያዘው ሰው ሥራ እንዴት ነው የሚሠራው? አቋራጭ እየፈለገ ነው። አንዱም አቋራጭ የታወቀ ነው፤ ሳይሟላ የቀረ ፎርም ካለ አውጥቶ መጣል። አንድ መስመር ብቻ ነው። ጻፈችውና አስኬደችው።

ሠላሳ አንድ።

አረጋሽ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈችና ዓይኗን ጨፈነች። «ተመስገን» አለች ቀስ ብላ። ለአሥር ቀን ትከሻዋ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደላት። ቅዳሜን አየችው፤ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ። በቃ፣ ይኸው ኮዱ ተገኘ። ልትልከው ስትል ሥራ ያስለመዳት ነገር ያዛትና የተጣሉት ፎርሞች ምን እንደጎደላቸው ለማየት ወደ ሰርቨሩ ገባች።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ሁሉም ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ ሰዓቱ ተጽፏል፣ ጉዳቱ ተጽፏል፤ ዳሌ፣ ግንባር፣ ክንድ። የጎደለው አንድ ቦታ ነው፣ ሁሉም ላይ ያው ቦታ። ሲወድቅ ያየ ሰው የሚለው።

አረጋሽ ያን ባዶ ቦታ ታውቀዋለች። ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ሎውሪ ውስጥ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፤ እሷ ስታቲስቲክስ መማሯን ሲሰሙ በስሟ መጥራት ትተው ፕሮፌሰር የሚሏት። አንድ ቀን ጠዋት ስትገባ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አገኘቻቸው። ቀዝቅዘዋል፣ ግን በሕይወት አሉ። መቼ ወደቁ? ማንም አያውቅም። ፎርሙን የሞላችው እሷ ናት። ያየ ሰው የሚለው ላይ ስትደርስ የሚጻፍ ስም ስላልነበረ ዝም ብላ አለፈችው። ሁሉም ሠራተኛ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ባዶ ማለት ረሳሁት ማለት አይደለም። ሰውየው ሲወድቁ አጠገባቸው ማንም አልነበረም ማለት ነው።

እና እሷ፣ ይህን በእጇ የምታውቀው ሴትዮ፣ በአንዲት መስመር ብቻቸውን የወደቁትን ሁሉ ጠርጋ ጣለቻቸው። የሚዞርባቸው ቤቶች ሠራተኛ ያጠራቸው ስለነበሩ ባዶው የበዛው እነሱ ጋ ነው፤ ባዶው ሲወጣ ቤቶቹ ከሆኑት በላይ አማሩ። በራሷ አፈረች፣ ማፈሩም ደከማት።

ደግሞ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ የጠየቁት ሠላሳ አንድን የሚያወጣ ኮድ ነው። ይኸው አላት። «ያልተሟሉ ፎርሞች ወጥተዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር የሚጠይቅ የለም፤ የሁሉም አሠራር ነው። አሥራ ሁለት እያሉ የሚያለቅሱት ኮሚቶች ያሉት እሷ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። በአዲስ ፎልደር ንጹሑን ብቻ አድርጋ ብትልክ ማን ያውቃል? ጽሑፉ ይወጣል፣ ሥራው ይመጣል፣ ቅዳሜም ይመጣል። እንዲህ አላሰበችም ብዬ አልዋሽላችሁም። አስባለች፤ ሔቨን ልምምዷን ጨርሳ መስኮቱን እስክታንኳኳ ድረስ ስታስብ ነበር።

«ማሚ፣ አር ዩ ክራይንግ?»

«ፀሐዩ ነው።»

ማግስቱን ቢሮ ስትገባ ጋሽ ኢሳይያስን ሰላም አለቻቸውና ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ሁለት ኮሚት አደረገች። የመጀመሪያው መልእክት፦ «የኅዳሩ 31 ይሄ ነው። የመጣው ያየ ሰው የሚለው ባዶ የሆነባቸውን 212 ፎርሞች በመጣሉ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ሁለተኛው፦ «212ቱን መልሻለሁ። ትክክለኛው 12 ነው። ቦታው ባዶ የሆነው ሳይሞላ ቀርቶ ሳይሆን ሰው ስላልነበረ ነው።» ከዚያ ሁሉንም ላከችው፣ «ደክሞኛል» የሚለውን ሳይቀር። ጋሽ ኢሳይያስ ስክሪናቸው ላይ አንድ በአንድ ሲያነቡ አየቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት።

«ነገርሻት?» አሉ በአገጫቸው ወደ ማርጋሬት ቢሮ እያመለከቱ።

«አሁን ልገባ ነው።»

«ልምጣ አብሬሽ?»

«አይ፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

ማርጋሬት ክፉ ሰው አይደለችም። ቁጥሩን አየች፣ ፎርሞቹን አየች። «ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር» አለች መጨረሻ ላይ፤ ይህን ያለችው ለምስጋና ይሁን ለወቀሳ አረጋሽ እስከ ዛሬ አልለየላትም። ጽሑፉን ከጆርናሉ እንደምትመልሰው ተናገረች። አሥራ ሁለትም ቢሆን ቁጥር ነው፣ እንደገና እንጽፈዋለን፣ ግን ዓመት ይፈጃል አለች። ስለ ሙሉ ቀኑ ሥራ አረጋሽ አልጠየቀችም። ማርጋሬት ራሷ «ያኛው ነገር ለጊዜው ይቆይ» አለች፣ ጠረጴዛውን እያየች። አረጋሽ እሺ ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ደረሰ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሎውሪ ገብታ ጓንቷን አጠለቀች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሚስስ ዶሮቲ ከአልጋቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ አንድ እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨብጧል። አጥንታቸው አልተሰበረም፣ ክርናቸው ግን ተልጧል።

«ከመቼ ጀምረው ነው እዚህ ያሉት፣ እናቴ?» አለቻቸው በእንግሊዝኛ፤ «እናቴ» የሚለውን ግን በአማርኛ።

«እንጃ» አሉ ሴትዮዋ። «ጠርቼ ነበር።»

ከነርሷ ጋር አንስተው አስተኟቸው፣ ቁስሉን ጠረጉላቸው። ከዚያ አረጋሽ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ፎርሙን መሙላት ጀመረች። ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍል፣ ጉዳት። ያየ ሰው የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ እንደ ልማዷ ሊያልፈው ነበር። ያዘችው። በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ማንም አልነበረም» ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ ስሟን ጨመረች። ፎርሙን ሣጥኑ ውስጥ ከትታ ወገቧን ይዛ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች።